ሽምደዳ ሆይ፣ ዕድሜሽ ይርዘም!

የሰሞኑን ዋይታ መቼም ሰምታችኋል። እዚህ ጎንደር፣ ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከፈተና የወጣ ሁሉ «ያልተማርነውን ጠየቁን!» ይላል፤ ወላጅም ተቀብሎ ያስተጋባል። እውነት ነው፣ ግፍ ነው። ልጁ የድሮውን ፈተና ከነመልሱ ሸምድዶ፣ ሾርት ኖቱን እንደ ዳዊት ደግሞ ሲገባ፣ ፈታኙ ቁጥር ቀይሮ ይጠብቀው?

የባጃጇን ጥያቄ እንውሰድ። ዎርክሺቱ ላይ የነበረችው መኪና ናት፤ ስትሄድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ በዚያው መንገድ ስትመለስ 40፣ አማካይ ፍጥነቷ 48። 48ን የማያውቅ ቸካይ የለም። አንድ ምቀኛ መምህር ግን መኪናዋን ባጃጅ አደረጋት፦ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል በ30 ወረደች፣ ሽቅብ በ20 ተመለሰች። ቸካያችን ሳያመነታ 48 አለ። እስቲ ይቺን ባጃጅ ልብ በሉልኝ። ስትሄድ ከ30 አላለፈች፣ ስትመጣ ከ20 አላለፈች፣ በአማካይ ግን 48 ትበራለች! ትራፊክ ፖሊስ በመሄጃዋም በመምጫዋም አይይዛት፤ ጥፋቷ ያለው አማካዩ ውስጥ ብቻ ነዋ። ተሳፋሪው ሳይሳፈር ሒሳብ ይጠየቃል። መተማ ደርሳ ስትመለስ ሾፌሩ ገና ቁልፍ እየፈለገ ነው። ነዳጅስ ቢሆን? የምትቀዳው ለ30 እና ለ20 ነው፤ የቀረው ከሰማይ ነው።

ሌላው ወገን 30ንና 20ን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 25 ይላል። ፈታኙም 25ን ምርጫው ውስጥ የከተታት እሱን አስቦ ነው። ርቀቱን 12 ኪሎ ሜትር ብናደርገው መውረጃው 24 ደቂቃ፣ መውጫው 36 ደቂቃ ይፈጃል፤ 24 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት፣ መልሱ 24። በዝግታ የሄደችበት ጊዜ ስለሚረዝም አማካዩ ወደ 20 ያዘነብላል። ይህን ማሰብ ግን ያደክማል፣ ተውት።

አስጠኚዎቻችንም ይመስገኑ። «ይቺ ትወጣለች» ብለው ያሰምራሉ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያባዛል፣ ወላጅ ይከፍላል። መልሱን ሸፍኖ መሥራት፣ ቁጥሩን ለውጦ መድገም፣ ጥያቄውን መገልበጥ (አማካዩ 24፣ መውረጃው 30 ከሆነ መውጫው ስንት ነው?)፣ የተሳሳተው ምርጫ ከየትኛው ስህተት እንደተወለደ መፈለግ፣ ይሄ ሁሉ ገበያ ያበላሻል። አንዲት ጥያቄ ማታውን ሙሉ ከያዘች ያን ወፍራም ጥራዝ ማን ይገዛል?

ሽሙጡ ለአፍታ ይቅር፤ ይሄ የሽምደዳ ንግድ ሌብነት ነው። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ደነዝ ሆነው አይደለም፤ 12 ዓመት ሙሉ «ለምን?» ብሎ የጠየቃቸው ጠፍቶ ነው። ሽምደዳ የአባቶች ነው የምትሉም ቅኔ ቤት ጎራ በሉ። ስንቱን በቃሉ የያዘ የቆሎ ተማሪ እንኳ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ ቢቀርብ ያፍራል፤ አዲስ ይቆጥራል እንጂ።

ወደ ምስጋናችን። «ግራ ሲገባህ ሲን ምረጥ» ያለው ሊቅ ሺህ ዓመት ይንገሥ። «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» ሲባል «ያልሆነው»ን ዘልሎ፣ ኤ ላይ እውነት ሲያይ ኤን አጥቁሮ የሚያልፈውማ ለብቻው ይወደስ። ሌሎቹን ሦስቱን ማንበብ ስለማያስፈልገው ከሁሉም ቀድሞ ይወጣል፤ ቀድሞ የወጣ ደግሞ ጎበዝ ነው ይባላል።