ቅዳሜ ምን እንደ ፈታሁ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም

ሞተር ሳይክሌ ተበላሽታብኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ቀይረው» የሚለውን ቃል ስሰማ ከርሜ ዛሬ ልቤ ሞልቶ ነው የምጽፈው። ካንዴላውን ቀይረው። ቦቢናውን ቀይረው። ካርቡሬተሩን ቀይረው። ፋሻው አልቋልና ፒስቶኑን ከነፋሻው ቀይረው። በአሰላ ከተማ ሞተር ሳይክል የሚጠግነውም፣ የሚነዳውም፣ መለዋወጫ የሚሸጠውም፣ ቆሞ የሚያየውም ሰው የሚቀየር ዕቃ ነገረኝ። «ከመበላሸቷ በፊት ምኗን ነካካህ?» ያለኝ ግን አንድም አልነበረም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በሳጉሬ መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የምወጣባት ባለ 150 ሲሲ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ ሞተር ሳይክል አለችኝ። አራት ዓመት አገልግላኛለች። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢዬ ጆንያ አንጥፌ እንደ ልማዴ ጥገና አደረግኩላት። ዘይት ቀየርኩ፣ የአየር ፊልትሮዋን አጠብኩ፣ አየር የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን የቫልቮቹን ክፍተት አስተካከልኩ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩን አውርጄ አጸዳሁ። በግምት የሠራሁት ነገር የለም። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ ፒስቶኑም በጭመቃው ምት ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ለእኔ ሞተር ማስገቢያው 0.05፣ ማስወጫው 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተት በሚለካው ፊለር ጌጅ ለካሁት፤ ስስ ብረቷ ጠበቅ ብላ ስትንሸራተት እጄ ላይ ይታወቀኛል።

እሑድ ጠዋት ሳስነሳት ሌላ ሞተር ሆና ጠበቀችኝ። አየር መዝጊያው ተስቦ እያለ ትነሣለች፤ መልሼ ስገፋው ትጠፋለች። እንደ ምንም ከሞቀች በኋላ ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳልሰጣት የምትዞርበት ፍጥነት፣ በራሱ ይወጣል፣ ነዳጅ መስጫውን ብለቀውም ቶሎ አይወርድም። ቁልቁለት ላይ ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ እንደ ርችት ይተኩሳል። ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት የላትም።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ስልክ ተደወለ። ላም ማታ ምጥ ጀምራ ጥጃው አልወጣ ብሏል። ተነሣሁ። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። በመጨረሻ መንገድ ዳር አቁሜያት ቦርሳዬን ተሸክሜ በእግሬ ገባሁ። ጥጃው የኋላ እግሩን አስቀድሞ ነበር የመጣው፤ ስደርስ ሞቷል። ላሟን አተረፍኳት። ባለቤቷ እናት ግን እጄን በሳሙና እያስታጠቡኝ «ምነው ዶክተር፣ ዘገየህብን» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም ያሉት። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም።

ከዚያ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ሆነ ሥራዬ። የመጀመሪያው መካኒክ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ድምፁን ሰምቶ «ካርቡሬተሩ አልቋል» አለ። ሁለተኛው ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላዬን ፈትቶ አየው። ጫፉ ነጭ ነበር፤ ኖራ የመሰለ ነጭ። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ካንዴላ ሲጠቁር ቤንዚን በዝቷል፣ ሲነጣ አየር በዝቷል ማለት ነው፤ ጤነኛው ቀለም ቡናማ ነው። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ሲገባ ቃጠሎው ይመጣጠናል፤ አየሩ ከዚያ እየበዛ ሲሄድ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ይደነቃቀፋል፣ ማርሚታው ይተኩሳል። ማስረጃውን በእጁ ይዞታል! ታዲያ ምን አለ? «ካንዴላው ተቃጥሏል፣ ቀይረው።» ገዝቼ ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን አዲሱም ነጣ።

ሌላው «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» አለኝ። በጠርሙስ ቀድቼ አሳደርኩት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይጠልላል፤ ጠብታም አልነበረበትም። «የአሰላ ከፍታ ነው» ያለኝም አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከፍታ አየር ያሳንሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፤ የእኔ ነጭ ነው። ደግሞስ አራት ዓመት እዚሁ ከፍታ ላይ ሠርታ የለም ወይ? አንዱ ጭራሽ ሳልፈቅድለት ካቻቢቴውን መዝዞ የሚኒሞውን ብሎን ሁለት ዙር አዞረና «አሁን ተስተካክላለች» ብሎኝ ሄደ። ሰው የሌላውን ሞተር እንዲህ ይነካል? መጀመሪያ በየትኛው ዙር ላይ እንደነበር ማን ያውቃል አሁን?

በመጨረሻ ካርቡሬተር ገዛሁ። የግማሽ ወር ደመወዜን የበላ ካርቡሬተር። ተገጠመ። ያው ሕመም፣ ያው ተኩስ፣ ያው ዳገት ላይ መጥፋት። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ገብቶ ምልክቱ አንዲት ካልተለወጠች ጥፋቱ ካርቡሬተሩ ውስጥ እንዳልነበረ ይህ ራሱ ምስክር አይደለም? ያሉኝ ግን «ይህኛው ቅጂ ነው፣ ኦሪጅናሉን ግዛ» ነው።

ያዳኑኝ አንድ ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን በትራክተር ጥገና የፈጁ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። ሞተሯን እየገፋሁ ሳልፍ አዩኝና ወጡ። አስነሣና ድምፅዋን አሰማኝ አላሉም። «ልጄ፣ መቼ ጀመራት?» አሉ። እሑድ አልኳቸው። «ቅዳሜስ ምን ምን ፈታህ?» አሉኝ። በክትባት ካርቶን ጀርባ ላይ በቅደም ተከተል አስጻፉኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ወረድንበት። ዘይት እንዲህ አያደርግም፤ ተሰረዘ። ቫልቮቹን ሲነጋ በቀዝቃዛው እንደገና ለካን፤ ልክ ናቸው፤ ተሰረዘ። ፊልትሮው ደርቆ ነው የገባው፣ ከቤቱም በደንብ ተቀምጧል፤ ተሰረዘ። የቀረው ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ነበር።

«መርፌ አለህ?» አሉኝ። ከቦርሳዬ ትልቁን ስሪንጅ አውጥቼ የሳሙና ውሃ ሞላሁበት። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መጋጠሚያው ዙሪያ ቀስ ብዬ አንጠባጠብኩ። ከላይ ምንም የለም። በግራ ምንም የለም። ከታች በኩል፣ እጅ በማይደርስበት፣ ጠብታው ሲነካ ውሃው ስልብ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ የሞተሩም ድምፅ ወዲያው ወረደ። ትርፉ አየር የሚገባው በዚያ ነበር። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ፤ ቃል አልተናገሩም።

ሁለቱን ብሎኖች ፈታን። ማስገቢያው ላይ ያለችው ክብ የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንግ የሚሏት፣ ከጎድጓዳዋ ወጥታ በብረቱ መካከል ተቆርጣለች። ቅዳሜ ስገጥም አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቄ ነው ወደ ሌላው የሄድኩት፤ በየተራ ጥቂት ጥቂት ማጥበቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ካርቡሬተሩን የቀየረው መካኒክ ግን ያቺኑ መጋጠሚያ በዓይኑ እያየ፣ ያቺኑ የተቆረጠች ቀለበት መልሶ ገጥሞባት ሄዷል! የቀለበቷ ዋጋ ከአንድ ስኒ ቡና ያንሳል። አሮጌውን ካርቡሬተር መልሰን በአዲስ ቀለበት ገጠምነው፣ ሚኒሞውን አስተካከልን፣ አንዴ ስረግጣት ተነሣች።

ቅዳሜ ደኅና የነበረ እሑድ ከታመመ ሕመሙ ያለው ቅዳሜ በተነካው ውስጥ ነው። ሐኪም እንኳ ሳይመረምር በሽተኛውን «ከመታመምህ በፊት ምን በላህ?» ይላል። እኔም ላም ፊት ስቆም መጀመሪያ የምጠይቀው መኖዋ ተለውጦ እንደሆነ ነው። መካኒክ ለምን አይጠይቅም? ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፣ መሣሪያ አይፈልግም። «ቀይረው» ማለት ቀላል የሆነው የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። በዚህ አገር ሞተር ሳይክል የሚነዳው አብዛኛው ሰው እንጀራው በእርሷ ላይ ነው። ዕቃ የሚያደርሰው፣ መምህሩ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የሚቀይርበት ገንዘብ ከየት ያመጣል?

መጽሐፉስ? ከሞተሯ ጋር የመጣው መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ዘይት መቼ እንደሚቀየር ከመናገር አያልፍም። የትኛው ብሎን ስንት እንደሚጠብቅ፣ ኦሪንግ ሲፈታ በአዲስ እንደሚተካ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ጽፎ ከሞተሯ ጋር የሰጠኝ የለም። አራት ገጽ ወረቀት ነበር የሚበቃኝ።

ካርቡሬተሩን ትናንት ወደ ሱቁ ይዤ ሄድኩ። «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» አሉኝ። ካርቶኑ ውስጥ አድርጌ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ያ የክትባት ካርቶን ደግሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በላዩ ጋሼ ያስጻፉኝ ዝርዝር፣ የሰረዝናቸው ሦስት መስመሮችና ያልተሰረዘው አራተኛው አሉ።