መሰላሉን ይጫኑ

ስልኬ ጥገና ቤት ገብቷል። ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ፤ መጮሁን ግን አልተወም። ማን እንደሚደውል አይታይ፣ ጣት ቢያንሸራትቱበት አይነሳ፣ ዝም ብሎ ኪስ ውስጥ ይጮሃል። ሲብስብኝ ለጠጋኙ አስረከብኩት። ከዚያ በኋላ ነው ሆዴን የበላኝ። ያ ሁሉ የደወለ ሰው በቮይስሜይል፣ ስልክ ሳይነሳ ሲቀር የደዋዩን ድምፅ በምትቀዳው ማሽን፣ መልእክት ትቶልኝ ቢሆንስ?

እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው አክስቴ እስከዛሬ የቤት ስልክ አላት። ሽቦ ያለው፣ ኩሽና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ። «ከዚህ ደውለህ አትሰማም?» አለችኝ። ለካ ይቻላል! የራስህን የሞባይል ቁጥር ትደውላለህ። ጠርቶ ጠርቶ የራስህ ድምፅ «አሁን ማንሳት አልችልም» ይልሃል፤ እውነቱን ነው። ያኔ እንደየኩባንያው ወይ ኮከቡን ወይ መሰላሉን ትጫናለህ። ማሽኗ ፒን ትጠይቃለች። ፒኑን ካስገባህ መልእክትህን ትሰማለህ።

የምን ፒን? በሞባይሉ 1 ቁጥርን ጫን አድርጎ መያዝ ብቻ ነበር። ማንም «ማነህ?» ብሎኝ አያውቅም። ፒኑንም ያወጣው መስመሩን የከፈተልኝ የሱቅ ልጅ ነው። አሁን የራሴን መልእክት ለመስማት፣ በራሴ ቁጥር ደውዬ፣ የራሴን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ፣ እኔ እኔ መሆኔን ለማሽን ላስረዳ?

የሚገርመው እኛ በፒን የምንታማ ሰዎች አልነበርንም። የስልክ ካርድ ዘመን ትዝ ይላችኋል? ከሐበሻ ሱቅ የአምስት ዶላር ካርድ ይገዛል። ጀርባው በሳንቲም ይፋቃል። መጀመሪያ በ800 የሚጀምረው ነፃ ቁጥር፣ ቀጥሎ ማለቂያ የሌለው የካርዱ ፒን፣ ቀጥሎ 011፣ ቀጥሎ 251፣ ቀጥሎ የአዲስ አበባ 11፣ ከዚያ የቤቱ ቁጥር። ከአሜሪካ ወደ ውጭ መደወያውም 011፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሲደወል ኮዱም 011፤ ስንቱ እዚያ ላይ ተምታቶበት ካርዱን ረግሟል። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ እንደገና ከ«ሀ» ነው። አክስቴ ይህን ሁሉ ሽንኩርት እያቁላላች፣ እጀታውን በትከሻዋ ይዛ፣ ሳታይ ትደውለው ነበር። የስልኩ 5 ቁጥር ላይ ያለው የበርበሬ አሻራ የዚያን ዘመን ሳይሆን አይቀርም። ካርዶቹ ስለሚሰርቁት ደቂቃ ግን ባልጀምር ይሻለኛል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ሁለት ቃል ነው፤ ማብራሪያ አይፈልግም። መጀመሪያ የሰማሁት ግን ከማልወዳት ሴትዮ ነው።

ልጅ ሆነን በሰፈራችን ስልክ የነበራት እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስልክ ቁጥር የእሷ ቁጥር ነበር። ስልኩ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ይቀመጣል። ክቡ መደወያው ቀዳዳ ላይ ደግሞ ትንሽዬ ጓጉንቸር ተንጠልጥላበታለች። ቁልፏ ከሴትዮዋ አንገት አይለይም። ጓጉንቸሯን ያየ እንግዳ ሁሉ ተረቷ ይነገረዋል። የገዛ ልጆቿ ግን ጓጉንቸሯን ሳይነኩ ይደውሉ ነበር። እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ ቶሎ ቶሎ መታ መታ ያደርጉታል፤ ለ5 አምስት ጊዜ፣ ለዜሮ አሥር ጊዜ። የድሮ ስልክ ቁጥር የሚያውቀው መስመሩ ቆረጥ ቀጠል ሲል እየቆጠረ ነውና ይሠራል። ወር ሲሞላ ቢሉ ሲመጣ ሴትዮዋ የምትጠረጥረው ጎረቤቱን ነበር።

ቂሜ ግን በጓጉንቸሩ አይደለም። ለእኔ የመጣ መልእክት እሷ ጋ ነበር የሚያድረው። እናቴ አንድ ኪሎ ስኳር ስትልክላት መልእክት ይወጣል። ካልላከች ይከርማል። የሴትዮዋ ፒን ስኳር ነበር ማለት ነው። ትምህርት ጨርሼ ሥራ ስፈልግ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመችኝ። «ውይ ልጄ፣ ረስቼው! ባለፈው አንድ ሰውዬ ደውሎልህ ነበር፤ የሥራ ነገር ነው መሰለኝ» አለችኝ። ከየት? «እንጃ»። ስሙ ማን ይባላል? «እሱንስ አልጠየቅኩትም»። ነው መሰለኝ! ይኸው እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ምናልባት አሁን የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ እሆን ነበር።

ወደ አክስቴ ግድግዳ ልመለስ። መሰላሉን ብጫን፣ ፒን ነው ያልኩትን ገምቼ ብጫን፣ ማሽኗ ጭራሽ አልሰማ አለች። ለካ ስልኩ ጎን ላይ፣ ጥፍር የምታክል ማንሸራተቻ አለች። ባንድ በኩል «ቲ»፣ ባንድ በኩል «ፒ» ተጽፎባታል። «ፒ» ላይ ከሆነች ስልኩ እንደ ድሮው ጠቅ ጠቅ እያለ ይቆጥራል። «ቲ» ላይ ስትሆን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን ድምፅ ያወጣል፤ ማሽን የሚገባው ይኼ ነው። በድምፅ የሚደውል ስልክ አሜሪካ ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የአክስቴ ስልክ ግን ማን እንደነካው ሳይታወቅ «ፒ» ላይ ሰንብቷል። አንሸራተትኳት። ማሽኗ ሰማችኝ። ሰምታም «የተሳሳተ ፒን» አለችኝ።

ደግሞ ማሽኗን ሙሉ በሙሉ አልፈርድባትም። እንግሊዝ አገር «ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ» የሚባል ጋዜጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የልዑል ዊሊያምን የጉልበት ጉዳት ጻፈ። ቤተ መንግሥቱ ደነገጠ፤ ነገሩን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሲጣራ ወሬው የወጣው ከቮይስሜይል ነው። ዘዴው ይኸው እኔ ኩሽና ውስጥ የታገልኩበት ነው፤ ከሌላ ስልክ መደወል፣ ፒን ማስገባት። ብዙ ሰው ከኩባንያው የመጣውን ፒን ስለማይቀይር ለጋዜጣው ሰዎች ተሳካላቸው። በ2007 ሁለት ሰዎች እስራት ተፈረደባቸው። ነገሩ እየሰፋ ሄዶ በ2011 ጋዜጣው ራሱ ከ168 ዓመት በኋላ ተዘጋ። ልዑልም ሆነህ ካልጠረጠርክ ትመነጠራለህ።

ግን እኔን ማን ይሰልለኛል? የእኔን ቮይስሜይል የሚሰርቅ ጋዜጠኛ የሚያገኘውን ልንገራችሁ። «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም እንዴ? ሃሎ! እንዴት ነህ? ደህና ነህ ወይ? ልጆቹስ? ሥራስ? ብርዱ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺ የነገርኩህ ነገር...» ጢጥ። ጊዜው አለቀ። ነገሩ ሰላምታው ውስጥ ሰጥሞ ቀረ።

እሱስ ይሁን። የሚያበሽቀኝ «ስትሰማ ቶሎ ደውልልኝ» ብሎ የሚዘጋው ነው። እኛ መርዶ በስልክ የምንነግር ሰዎች አይደለንም። ዘመድ ተሰባስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ከአገር ቤት የመጣ «ቶሎ ደውልልኝ» ያለ ምክንያት የተተወ ከሆነ ልብ ያቆማል። ማን ሞተ? ማን ታመመ? በሌሊት እየተንቀጠቀጥክ ትደውላለህ። «አይ፣ ድምፅህ ጠፍቶብን ነው!» ይሉሃል፤ እየሳቁ። ድምፄማ አሁን ነው የጠፋው! አንድ ቃል መጨመር ምን ያቅታል? «ሁሉም ደህና ነው» ማለት ስንት ያስከፍላል?

ለማንኛውም ፒን የጠፋበት ሰው መፍትሔ አለው ተባልኩ። ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ አሰምተው አሰምተው አንዲት ትሁት ልጅ አነሳች። ስሜን ጠየቀች፣ የተወለድኩበትን ቀን ጠየቀች፣ አድራሻዬን ጠየቀች። በመጨረሻ እኔ እኔ መሆኔን አመነች። ደስ አለኝ። «አዲሱን ፒን በቴክስት ልኬልዎታለሁ» አለችኝ። ወዴት? ወደ ሞባይሌ! ሞባይሌ የት ነው? ጥገና ቤት!

ስለዚህ መልእክት የተዋችሁልኝ ሁሉ፣ አልሰማሁም። ከእንግዲህ ግን በናታችሁ፣ መጀመሪያ ነገሩን ተናገሩ፣ ሰላምታው በኋላ ይደርሳል። ይህን ለአክስቴ ሳነብላት ከድስቱ ቀና ብላ በጭልፋዋ ጠቆመችኝ።

«ሰው ደህና አደርክ ሳይባል ነገር? አበዳሪህ አደረግከኝ እንዴ!»