ይድረስ ለክቡር ካዡዋል አርብ

ይድረስ ለክቡር ካዡዋል አርብ፣ የዘና ያለ አለባበስ ቀን፣ ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር... ቆይ፣ ናፍቆቱም የለብኝም። ደህና ነኝ። ደህና የሆንኩትም ዛሬ ማክሰኞ ስለሆነ ነው። ሱፌን ለብሻለሁ። ጥበቃውም ጠዋት ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ብሎኛል። ይኸው ሰውዬ አርብ ዕለት ምን እንዳለኝ ልነግርዎ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ጉዳዩ፦ በር ላይ መቅረቴን ይመለከታል።

መጀመሪያ ሲመጡ እንዴት እንደተቀበልንዎ አይረሱትም። የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀን ነበር። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ቆሎና ውሃ ቀረበለት፤ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጠፈ። «የሠራተኛውን የሥራ ተነሳሽነት ለማሳደግ ሲባል ዘወትር አርብ ዘና ያለ አለባበስ የተፈቀደ መሆኑን እናስታውቃለን።» ጭማሪ ብለን ጂንስ መጣልን።

የወረቀቱ ሁለተኛ ገጽ ደግሞ ዘና ማለት የማይቻልባቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። የተቀደደ ጂንስ አይቻልም። ቁምጣ አይቻልም። ነጠላ ጫማ፣ ቱታ፣ ኮፍያ አይቻልም። ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት የሚቻለው ጽሑፉ የድርጅቱ ስም ከሆነ ብቻ ነው፤ እሱም ሒሳቡ ከደመወዝ ተቆርጦ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስለምለብሰው ልብስ አንድ መስመር ተጽፎልኝ አያውቅም። ነፃ በወጣሁበት ቀን ግን ሁለት ገጽ መመሪያ አለኝ።

እኔ መጀመሪያ አካባቢ ነገሩን እንዳልሰማ ሆኜ አርብም በሱፍ ስገባ ቆይቻለሁ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «አንተ ብቻ ለምን ትለያለህ? የቡድን መንፈስ ይጎዳል» አለች። ዘና እንድል ታዘዝኩ ማለት ነው። ትዕዛዝ ትዕዛዝ ነው፤ ባለፈው አርብ ጂንስ ለበስኩ። ወንድሜ ከሳልቫጅ መርጦ ያመጣልኝ ነው። ከላይ ግራጫ ሹራብ ደረብኩ። ባለቤቴ ቁርስ እያቀረበች አየችኝና «ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?» አለች። ከአፏ ጠብ አላለም።

ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም ነበር። ከጀሞ ሜክሲኮ ያለውን የታክሲ ሰልፍ ለእርስዎ አልተርክም፤ የተሰለፈ ያውቀዋል። በሩ ላይ ደርሼ የተለመደችውን ሰላምታ ጠበቅሁ።

«ወዴት ነው?» አለ ጥበቃው።

«ወደ ውስጥ።»

«እሱማ ወደ ውስጥ ነው። ወደ ማን?»

እጄን ወደ ደረት ኪሴ ሰደድኩ። ሹራብ ደረት ኪስ የለውም። ባጁ ኮቴ ውስጥ፣ ኮቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ጀሞ።

«እኔ እኮ እዚሁ ነው የምሠራው።»

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው።»

«ሦስተኛ ፎቅ፣ ሒሳብ ክፍል።»

«ጥሩ። ከሒሳብ ክፍል ማንን ልጥራልህ?»

ስሜን ነገርኩት። ሰውዬው ሥራውን የሚያውቅ ነው። መዝገቡን ገልጦ ስሜን ጻፈ። የውስጥ ቁጥሬን ፈልጎ አገኘ። ደወለ። ጥሪው ለእኔም ይሰማኛል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የገዛ ስልኬ እየጮኸ ነው። ጥሪው እስኪቋረጥ በትዕግሥት ጠበቀ። ከዚያ ስልኩን አስቀመጠና በሐዘኔታ አየኝ።

«ሰውዬው አልገባም።»

«ሰውዬው እኔ ነኝ!»

«እንግዲህ ሲገባ አገናኝሃለሁ» አለና ወደ ባለጉዳይ አግዳሚ አመለከተኝ።

ባልደረቦቼ ጋ ደወልኩ። አንዷ አላነሳችም። አንዱ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። አንዱ አነሳና «አርብ አይደል? ዘና በላ!» ብሎ እየሳቀ ዘጋው። ሁለቱ ደግሞ ጃንጥላቸውን ደፍተው፣ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አጠገቤ አለፉ። በጂንስ አይተውኝ አያውቁም፤ አልፈርድባቸውም።

አግዳሚው ላይ ቆርቆሮው ያፈሳል። ዝናብ የማይደርስባት አንዲት ቦታ ላይ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ካፖርታቸው ተተኩሷል። ክራቫት አስረዋል። ፋይላቸውን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ወሽቀዋል። ጠጋ አሉልኝ።

«ልጄ፣ አንተም ሰኞ ና ተብለህ ነው?»

«አይ አባቴ፣ እኔስ በአርብ ነው የተቀጠርኩት።»

ከጂንሴ እስከ ሹራቤ ገረመሙኝ። «እንዲህ ሆነህ መጥተህማ ማን ያስገባሃል? ቢሮ ሲኬድ ሰው ኮት ይበደራል እንጂ» አሉ።

የአሻራ ማሽኑ ከበሩ ወዲያ ግድግዳው ላይ ነው። ከአግዳሚው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። መግቢያ 2:30። ከዚያ ጥቂት ካለፈ ግማሽ ቀን ይቆረጣል። ጣቴ እኔ ጋ ነው፣ ማሽኑ እዚያ ነው፤ መሃል ላይ ጥበቃውና የእርስዎ ነፃነት ቆመዋል።

በመጨረሻ ማን እንዳስገባኝ ልንገርዎ? ሊስትሮው።

ለጂንስ የሚሆን ጫማ የለኝም። ለሳምንት አንድ ቀን ብዬም አልገዛም። ስለዚህ የሰኞውን ጥቁር ጫማ ነበር ያደረግኩት። ልጁ ከላስቲኩ ሥር ሆኖ የመንገደኛውን እግር ሲቃኝ ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ። ፊቴን ቀና ብሎ አላየም። ጫማዬን አየ። የግራው ጫፍ ላይ አንዲት ጭረት አለች፤ ሰኞ ሰኞ ቀለም እየደራረበ የሚደብቅልኝ እሱ ነው። «እንዴ! ይሄ የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ ጫማ እኮ ነው!» አለ።

ጥበቃው መጣ። ጎንበስ ብሎ ጫማዬን መረመረ። ከጫማዬ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ጫማዬ። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀ፤ ልጁን እንጂ እኔን አይደለም። «እኔ እኮ ነኝ የምጠርገው» አለ ልጁ። በዚህ ምስክርነት ገባሁ።

ግማሽ ቀኑ ግን ተቆርጧል። የሰው ሀብት ክፍል ሄድኩ። ማመልከቻ ጻፍ። በቅርብ ኃላፊህ ይፈረም። በሰዓቱ በር ላይ የነበርክ መሆኑን ጥበቃው ያረጋግጥ። ጥበቃውም የእውነት ሰው ነውና መዝገቡን አይቶ ያየውን ጻፈልኝ፦ «ባለጉዳዩ በሰዓቱ መጥቷል፤ የፈለገው ሠራተኛ ግን በሰዓቱ አልተገኘም።» ሁለታችንም እኔ ነን። ደብዳቤው ፋይሌ ውስጥ ገብቷል፤ የማርፈዴ ማስረጃ ሆኖ።

እስቲ አሁን ሳንሸፋፈን እናውራ። ግማሽ ቀን ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የልጆቼ የትምህርት ቤት ታክሲ ነው። ዘይት ነው። አንተ ወረቀት ላይ ተነሳሽነት ተብለህ ትጻፋለህ፣ ሒሳቡ ግን ከእኔ ኪስ ይወጣል። እዚህ ከተማ ኮት የለበሰ ይሰማል፣ ያልለበሰ ይጠብቃል። ወረዳ ሂድ፣ መሬት አስተዳደር ሂድ፣ እየው። እኔ የቀመስኩት አንድ ጠዋት ነው፤ እኚያ አባት ግን ያን አግዳሚ ለምደውታል። ካፖርታቸውን አስተኩሰው የመጡት ዘና ማለት ጠልተው ይመስልሃል? ያለ ኮት ሰው እንደማይሆኑ ስለሚያውቁ ነው! አለቃችን አርብ በቲሸርት ይመጣል፤ አዎ፣ በቲሸርት። ጥበቃው ግን ገና መኪናውን ከሩቅ ሲያይ በሩን በርግዶ ይከፍታል። ሰውዬው ኮቱን እየነዳው ነው የሚመጣው። እኛ የጠየቅነው ጭማሪ ነበር። ጭማሪ! ልብስ አውልቁ ያለህ ማን ነው?

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ አንቱታዬ አመለጠኝ።

ከተናደድኩ በኋላ የዘር ሐረግዎን አጣርቻለሁ። ትውልድዎ ሃዋይ ነው። 1962 በፈረንጆቹ፣ እዚያ ያሉ የልብስ አምራቾች ማኅበር አባላት ለሕግ አውጪዎቹ ሁለት ሁለት አበባማ ሸሚዝ አደሏቸው፤ ሕግ አውጪዎቹም ለብሰው አይተውት ይሁን በጋውን ሠራተኛው ይህን ይልበስ ብለው መከሩ። 1966 ላይ አርብ ቀን ተሰጥቶዎት በይፋ ሥራ ጀመሩ። 1992 ደግሞ ጂንስ አምራቹ ሊቫይስ ስለ ዘና ያለ የቢሮ አለባበስ የሚያስረዳ ትንሽ መመሪያ አሳትሞ ለ25,000 ያህል የሰው ሀብት ኃላፊዎች በፖስታ ላከ፤ ሱሪ ሊሸጥላቸው። እንግዲህ አባትዎም አያትዎም ልብስ ነጋዴዎች ናቸው። አይፈረድብዎም። ቅር ያለኝ ሌላ ነው፤ ለሃዋይ ሹማምንት ሁለት ሸሚዝ በነፃ፣ ለእኔ አንድ ቲሸርት ከደመወዜ።

ደግሞስ ሃዋይ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አሁን ሐምሌ ነው። ኮቴን የምለብሰው ለክብር ብቻ መሰለዎ? ይበርደኛል!

ቀኑንስ ማን መረጠልዎ? አርብ እኮ የከተማው ግማሽ የሚያምርበት ቀን ነው። የምሳ ሰዓታችን ከ5:30 እስከ 7:30 የተለጠጠው ለጁምዓ ሶላት ነው። ሙስሊም ባልደረቦቻችን ነጭ ጀለቢያቸውን አስተኩሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ሲወጡ እኛ በፈዘዘ ጂንስ በር ላይ ቆመን እንሸኛቸዋለን። ጥበቃው ለማን እጅ እንደሚነሳ መገመት አያቅትዎም።

አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድን ቢሮ ውስጥ ስላስገቡብን አመሰግናለሁ። ማሊያ በመመሪያው የተከለከለ ነው፤ ግን የክፍል ኃላፊው አርሰናል ነው።

የአጎትዎ ልጅ የባህል ልብስ ቀንም በየበዓሉ ዋዜማ እየመጣ ሽሮ ሜዳ ይነዳናል። ስለ እሱ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

የጋራ ኮታችንን ግን ሳላነሳ አላልፍም። አርብ አርብ ሁላችንም ዘና ብለን ስንቀመጥ ከመሥሪያ ቤት ውጭ ድንገት ስብሰባ ይጠራል። «ኮት ያለው ማነው?» የሚል ጩኸት ከላይኛው ፎቅ ይወርዳል። ስለዚህ ከበሩ ኋላ አንዲት ጥቁር ኮት ሰቅለናል። የማን እንደነበረች አይታወቅም። ለረጅሙ እጅጌዋ ክርኑ ላይ ይቀርበታል፤ ለአጭሩ ጣቱን ትሸፍንበታለች። ባንክ ሄዳለች፣ ሚኒስቴር ሄዳለች፣ ለቅሶም ሄዳለች። ከክፍላችን ሠራተኞች ሁሉ ብዙ መሥሪያ ቤት የምታውቀው እሷ ናት። በአርቡ እንኳ ትዝ ብላኝ ነበር፤ ግን እሷም ያለችው ከበሩ ወዲያ ነው።

አቤቱታዬ ግን መና አልቀረም። ትናንት ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። «በአርብ ዕለት በሚፈጠር የመታወቅ ችግር ምክንያት ዘና ያለ ልብስ የሚለብስ ሠራተኛ ሐሙስ እስከ 9:00 ሰዓት ቅጽ ሞልቶ ለጥበቃ ክፍል እንዲያስገባ እናሳስባለን።» ከቅጹ ጋር ሁለት ጉርድ ፎቶ ይያያዛል። ፎቶው በሱፍና በክራቫት የተነሱት መሆን አለበት።

በሱፍ ልምጣ ብዬ ጠይቄ ነበር። የቡድን መንፈስ ተባልኩ።

ስለዚህ ቅጹን ሞልቻለሁ። ስም፣ የሥራ መደብ፣ ፎቅ። «ሠራተኛው የሚታወቅበት ልዩ ምልክት» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ፦ የግራ ጫማ ጫፍ፣ አንድ ጭረት።

ከሰላምታ ጋር፣
በሰዓቱ የመጣው ባለጉዳይ

ግልባጭ፦
ለሦስተኛ ፎቅ ሒሳብ ክፍል (ሰውዬው ሲገባ ይሰጠው)