መቻል ለምን ያላዝናል?

ለገጣፎ እህቴ ግቢ ውስጥ አንድ ውሻ አለ። ስሙ መቻል ነው። ቀን በሩ ሥር በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ሌባም አለ፣ ጅብም አለ፤ ይሄን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔን ያበገነኝ ውሻው ባለቀሰ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ነው።

መቻል ቀን ከሌሊት እይይይ ይላል። ሠራተኛዋ «ዝም በል!» ትለዋለች። የእህቴ ባል ነጠላ ጫማውን ይወረውርበታል። አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት ደግሞ «ልጄ፣ ሌሊት የሚያላዝን ውሻ ለደግ አይደለም» ብለው አማተቡ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል «ምን ሆኖ ነው?» ያለ አልነበረም።

እኔ በምኖርበት ፍራንክፈርት ከእኔ በታች ያለችው ሴትዮም ውሻ አላት። እሷ ሥራ ስትሄድ ሲያለቅስ ይውላል። ጎረቤቱ ሁሉ አጉረመረመ። አንድ ሰሞን ሴትዮዋ በሩን ዘግታ ወጥታ ደረጃው ላይ መቆም ጀመረች። ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ደግሞ ትወጣለች፣ ትንሽ ቆየት ብላ ትመለሳለች። አንድ ያገሬ ልጅ አይቷት «ይቺን ሴትዮ ነካ ሳያደርጋት አይቀርም» አለኝ። ምንም አልነካትም። ብቻውን ሲቀር የሚጨነቅ ውሻ ባለቤቱ እንደምትመለስ የሚለምደው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው። ስትወጣ አታባብለውም፣ ስትገባም በረድ እስኪል ሰላም አትለውም። ሠራላት!

ጀርመኖች በውሻ ነገር ቀልድ አያውቁም። ውሻ ያለው ሰው ለማዘጋጃ ቤት የውሻ ግብር ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ውሻን አስሮ ማኖር በደንብ ተከልክሏል። ይህን ለእህቴ ስነግራት «ግብር? ለውሻ?» ብላ የምትቀዳው ቡና ሊደፋባት ነበር።

ውሻ የሚያለቅስበት ምክንያት ብዙ ነው። ቡችላ ሲበርደው፣ ሲርበው፣ እናቱን ሲያጣ ያለቅሳል። ያደገውም ሽንቱ ሲመጣ፣ ሲፈራ፣ ሲሰለቸው፣ ሰው ሲናፍቀው ያለቅሳል። አንዳንዱ ብልጥ ነው፤ እይይ ሲል አጥንት ከተጣለለት ነገም እይይ ይላል። ለሱ ዝም እስኪል ጠብቆ መስጠት ነው። መጮህማ ምን ይረዳል? የፈራው ይብስ ይፈራል። ሰው እንዲያየው የፈለገውም ይኸው አየኸው። ደግሞስ ሮጦ የማያውቅ፣ ታስሮ የሚውል ውሻ ቢያለቅስ ምን ይገርማል? እኔ ራሴ የሲኤምሲ መንገድ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ያምረኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕመም ነው የሚጠረጠረው። በድንገት ማልቀስ የጀመረ፣ ምግብ የተወ፣ ሲነኩት የሚሸሽ ውሻ አንድ ቦታ አሞት ይሆናል። ድምፁ ተለውጦ ለሃጩ የሚዝረከረክ ከሆነማ አለመጠጋት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ ወዲያ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። «መቻል ተከትቧል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ።

የእንስሳት ሐኪም አስመጣሁ። የእህቴ ባል «ለሰው ያልተገኘ ሐኪም!» አለ። ሐኪሙ የመቻልን አንገት በጣቱ ዳበሰ። ቡችላ ሳለ የታሰረለትን የቆዳ ማሰሪያ ያሰፋለት የለም። አንገቱ ሲወፍር ማሰሪያው ከጸጉሩ ሥር ሥጋውን በልቶታል። ሐኪሙ ቆርጦ አወጣው፣ ቁስሉን አጠበ፣ መርፌ ወጋው፤ ለክትባቱ ሲድን እመለሳለሁ አለ። እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ባሏ «ታዲያ እስከዛሬ እንዴት ዝም አለ?» ብሎ እርፍ! ዝም? ያ ሁሉ ነጠላ ጫማ ለማን ነበር የተወረወረው?

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። «ከጀርመን መጥቶ ለውሻ ሐኪም ከፈለ» ተባለ። አንዱ ዘመድ ጥርሱን እንደሚያመው ደወለልኝ። ሌላዋ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ አነሳች። ለኔስ ማን አለ? ፍራንክፈርት ጉንፋን ጥሎኝ ሳምንት ስተኛ ያቺ የታች ቤት ሴትዮ በሬን አላንኳኳችም። የውሻዋን ትንፋሽ ትለያለች፣ የኔ ሳል አይሰማትም! እህቴ ብትኖር አጥሚት ይዛ በሩን ትሰብረው ነበር።

አሁን እህቴ የመቻልን ሰንሰለት አርዝማለታለች። ማታማታም የሠፈር ልጆች ሜዳ ይዘውት ይሄዳሉ። ትናንት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፦ «ማልቀሱን ትቷል፣ ተመስገን። ግን የጎረቤት ዶሮ በልቷል፤ ሒሳቡ ያንተ ነው።»