ማስተካከያ፦ የመንጠቆውን ቁጥር ገልብጬ ነው የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት ሚጢጢ ዓሣ የሚመስሉ ስትሪመሮችን (መንጠቆ ላይ ላባና ክር በማሰር የሚሠሩ ሰው ሠራሽ ማጥመጃዎች) ትራውት ለተባለው ዓሣ እንዴት እንደምናስር ስጽፍ፣ «ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆውም ያንሳል፤ ቁጥር 2 ግዙ» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከ1 ጀምሮ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ ለነዚህ ሚጢጢዎች የሚሆነው 8 ወይም 10 ነው። ያረጋገጥኩት ከመንጠቆ አምራቾች የመጠን ሠንጠረዥ ነው፣ ከዚያም ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው፤ ቁጥር 2 ከቁጥር 10 አጠገብ የሥጋ ማንጠልጠያ ነው የሚመስለው። 1/0፣ 2/0 እያለ የሚሄደው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆውም ያድጋል።

ቁጥር 2 የገዛችሁ አትጣሉት፣ ለትልቅ ስትሪመር ይሆናል። አስራችሁበት ከሆነ ግን ላባውን በማሳጠር ብቻ አይድንም፤ ብረቱ ራሱ ለትንሽ ዓሣ ገላ በጣም ትልቅ ነው። በ10 ላይ ስታስሩ ማራቡ ከሚባለው ለስላሳ ላባ የሚሠራው ጅራት ከመንጠቆው ቀጥ ያለ ክፍል ርዝመት ብዙም አይብለጥ፣ አለዚያ ስትወረውሩት መንጠቆው ላይ ይጠመጠማል። ጭንቅላቱ ላይም ክር አታብዙ፣ የማጥመጃው ገመድ የሚገባበት የመንጠቆው ቀዳዳ ይደፈንና ወንዝ ዳር ቆማችሁ በመርፌ ስትጎረጉሩ ትውላላችሁ።

በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ያለውን ቁጥር አርሜዋለሁ።