ለተወረወረው ወንበር የቀረበ ምስጋና

ተመልካች የሚሉት ፍጡር ውለታ አያውቅም። ወደ 20 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የብየዳ ብልጭታ ሲረጭ፣ በር ሲላተም፣ አባት በልጁ ላይ ሲጮህ ሳይታክቱ ያሳዩትን የአሜሪካ የጋራዥ ትርዒቶች ጥሎ፣ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ስሙን እንኳ የማያውቀው አንድ ጸጥተኛ ሰው የዛገ ብሎን ሲፈታ 40 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህ ክህደት ነው። መኪናና ሞተር ብስክሌት እንደ አዲስ ስለሚፈጥሩ ባለሙያዎች የሚቀረጹት እነዚህ የ«እውነተኛ ሕይወት» ዝግጅቶች፣ ገበያቸው በቀዘቀዘበት በዚህ ሰዓት፣ ቢያንስ ከአንድ ሰው ምስጋና ሊደርሳቸው ይገባል ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ።

በቅድሚያ በጅምሩ የነበረውን ስሕተት መናገር ግድ ይላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 ዲስከቨሪ ቻናል ላይ የጀመረው «ሞንስተር ጋራዥ»፣ በጄሲ ጄምስ መሪነት ጥቂት ባለሙያዎችን ሰብስቦ፣ ለዕቃ መግዣ 3,000 ዶላርና የ7 ቀን ጊዜ ሰጥቶ፣ ፎርድ ሙስታንግን የመሰለ መኪና ሣር ማጨጃ እንዲያደርጉት ያዝዝ ነበር። ካልተሳካላቸው መኪናው ይወድማል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ሰዎቹ በእርግጥ ይሠሩ ነበር። ተመልካቹም ላሜራ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ የሞተሩ ጉልበት ወደ ማጨጃው ምላጭ እንዴት እንደሚደርስ ሳያስበው እየተማረ ይተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ የገባን ሰው ማስተማር ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?

ደግነቱ የተሻለው መንገድ ብዙ ሳይቆይ ተገኘ፤ ያገኘውም «አሜሪካን ቾፐር» ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ኦሬንጅ ካውንቲ ቾፐርስ በተባለ ድርጅት ውስጥ፣ ቀድሞ በብረታ ብረት ሥራ የቆየው ፖል ተተልና ስሙን የወረሰው ልጁ፣ የፊት ጎማቸው ከነጂው ርቆ የተዘረጋ፣ «ቾፐር» የሚባሉ ሞተር ብስክሌቶች ይሠሩ ነበር። አዘጋጆቹ ካሜራቸውን ተክለው ጥቂት እንደቆዩ ብረቱ በእሳት የሚግለውን ያህል አባትዬው ያለ እሳት እንደሚግል ተረዱ። ከዚያ በኋላ ብረቱን ማን ይመለከታል! እኛ ዘንድ አባትና ልጅ ሲኳረፉ ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌ ደግሞ ክፉ ልማድ አለበት፣ ያስታርቃል። የእነ ተተል ነገር በሽማግሌ እጅ ወድቆ ቢሆን ኖሮ፣ በአንዲት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቶናው ሳይቀዳ ባለቀ ነበር። ለእነርሱ የተላከላቸው ካሜራ በመሆኑ ግን ጠቡ ተሸንሽኖ፣ በማስታወቂያ እየተቆረጠ ዓመታትን አስቆጠረ። ልጁ ከአባቱ ድርጅት ወጥቶ የራሱን ከፈተ፤ በ2010 ትርዒቱ እንደገና ሲጀምር «ሲኒየር ቨርስስ ጁኒየር» (አባትና ልጅ ሲፋለሙ እንደ ማለት) የሚል ተቀጽላ ተሰጠው። ጠቡ በዚህ መልኩ ከቅመምነት ተነሥቶ ርእስ ለመሆን በቃ።

ስለ ጊዜ ገደቡ ሳላመሰግን ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። በእነዚህ ዝግጅቶች ውስጥ እስከ ዓርብ ያልደረሰ መኪና ሰማይ ምድሩን ይገለብጣል፤ ዓርብ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። አንዱን ክፍል ልግለጽ፤ ሌሎቹ እርሱን ይመስላሉና። የነዳጅ ታንኩ አልገጥም ይላል። የጋራዡ ባለቤት ፊት ከቅርብ ይታያል፣ ከበሮ ይመታል፣ አንዱ ሠራተኛ «አለቀልን» ይላል፣ ማስታወቂያ ይገባል። ከማስታወቂያው መልስ ተራኪው የነዳጅ ታንኩ አልገጥም ማለቱን ያስታውሰናል፤ የባለቤቱ ፊት እንደገና ከቅርብ ይታያል፣ ከበሮው እንደገና ይመታል። በመጨረሻ አንድ ስሙ ያልተጠራ ሰው መጥቶ ሁለት ብሎን አላልቶ ይገጥመዋል፣ ይሄዳል። የሠራው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ስለማይጮህ የምንከታተለው እርሱን አይደለም። እኔ ራሴ እንዲህ ያለውን ለዓመታት በትጋት ተከታትዬ፣ ዛሬም መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስብኝ ክሪኩ የት እንደሚገባ አላውቅም። ፊትን ከቅርብ ማሳየት ግን ማንም አይበልጠኝም። «ነገ ማታ ና» እያለ ለሦስት ሳምንት የሚያመላልሰን የአዲስ አበባ መካኒክም፣ ከበሮ ሳይጨምርበት ስንት ሀብት እንዳባከነ ቢነገረው ያዝናል።

ኤምቲቪ ከ2004 እስከ 2007 ያሳየው «ፒምፕ ማይ ራይድ»ም የድርሻውን ማግኘት አለበት። ራፐሩ ኤግዚቢት በአንድ ወጣት ያረጀ መኪና ላይ ከሳቀ በኋላ፣ መኪናው በሻንጣ መጫኛው ውስጥ ቴሌቪዥን ተገጥሞለት ይመለሳል። ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ከተገጠሙት ዕቃዎች ጥቂቶቹ ቀረጻው ሲያበቃ ተነቅለው መወሰዳቸውን፣ የሞተሩም ሕመም እንዳልተነካ ገልጸዋል። ይህን እንደ ነቀፋ የሚቆጥሩ አሉ። ነገር ግን ከማይንቀሳቀስ መኪና በላይ ቴሌቪዥን የሚያስፈልገው ማን ነው? ባለቤቱ ጎታች መኪና እስኪመጣለት ምን ይመልከት?

በዚህ አጋጣሚ የሀገራችንን ሰዎች ኋላ ቀርነት ሳልጠቅስ አላልፍም። በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻሲ ላይ የአውቶቡስ አካል በላሜራ ቀጥቅጠው፣ መስኮት አውጥተው፣ «ቅጥቅጥ» የምንለውን ተሽከርካሪ ለመንገድ ሲያበቁ፣ አንዱ በሌላው ላይ ወንበር ሲወረውር በካሜራ ተይዞ አላየሁም። ወንበሩን ወስደው ይገጥሙታል። ሕዝብም ይቀመጥበታል።

ታዲያ የእነዚያን የአሜሪካ ትርዒቶች ውለታ ምን በላው? አንደኛው ገንዘብ ነው። አንድ ቾፐር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ነበር፤ በ2008 የአሜሪካ የቤት ብድር ሲናጋ የቅንጦት ሞተር ብስክሌት ገዢም አብሮ ጠፋ፤ በቴክሳስ አሜሪካን አየርንሆርስ የተባለው አምራች በዚያው ዓመት ከሰረ። ሁለተኛው መባዛት ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ጣቢያው ሁሉ የየራሱን ጋራዥ ከፈተ፤ በ2012 ብቻ ዳላስ በ«ፋስት ኤን ላውድ»፣ ላስ ቬጋስ በ«ካውንቲንግ ካርስ» ብቅ አሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ተመልካቹ መንቃቱ ነው። ጠብ የሚወደው፣ ጠብ ለማየት ሞተር ብስክሌት እስኪበየድ መጠበቅ እንደማያስፈልገው ደረሰበት፤ ስልኩን ከፍቶ በነጻ ያገኘዋል። ብረት የሚወደው ደግሞ ያንን ጸጥተኛ ሰው ከነዛገ ብሎኑ አገኘው። መሐል ላይ የቀረው ከበሮው ብቻ ነበር።

ሆኖም ድካማቸው ከንቱ አልቀረም። በ2018 «አሜሪካን ቾፐር» ከዓመታት ዕረፍት በኋላ ወደ ስክሪን ሲመለስ፣ በዚያው ሰሞን የአባትና የልጁ የድሮ ጭቅጭቅ አምስት ምስል ሆኖ፣ አንዱ ከአንዱ በታች ተደርድሮ፣ ማኅበራዊ ሚዲያውን አዳረሰ። ሰዎች በምስሎቹ ላይ ደስ ያላቸውን ክርክር ሁሉ ይጽፉባቸው ነበር፤ ትርዒቱን አንድ ቀን አይተው የማያውቁ ሳይቀሩ ሁለቱን ፊቶች ለዩአቸው። እኔም ለዚህ ምስጋና ስል ምስሎቹን እንደገና አውጥቼ፣ በስልኬ አጉልቼ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ተመለከትኋቸው። አባት ይጮኻል፣ ልጅ ይመልሳል፣ ጣት ይቀሰራል፣ ወንበር ይወረወራል። ሞተር ብስክሌቱን ፈለግሁት። የለም፤ ቢሮ ውስጥ ናቸው።