ድራሙን የመታው ማን ነበር?

በዋሽንግተን አካባቢ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥባቸው ቤቶች ጎራ የሚል ሰው የሽበታሞች ሙግት አያጣም። የሮክ ጊታር አባት ማን ነው? አንዱ ቸክ ቤሪ ይላል። ሌላው ሲስተር ሮዜታ ታርፕን ያነሣል፤ ቤሪ የመጀመሪያ ሸክላውን ከማውጣቱ በፊት በ1944 መዝሙርን በኤሌክትሪክ ጊታር ታስጨፍር ነበርና። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን የሚያስቀናኝ ግን የድራሙ ክርክር ነው። በ1955 ሊትል ሪቻርድ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ «ቱቲ ፍሩቲ»ን ሲያስቀርጽ ድራም ላይ የተቀመጠው ኧርል ፓልመር ነበር። ራሱ ሲናገር፣ ያንን ቀጥ ያለ የሮክ ምት ያመጣው ፒያኖ ላይ የሚሮጠውን የሪቻርድን ቀኝ እጅ ለመከተል ሲል ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ኤልቪስ በ1954 ሜምፊስ ባስቀረጸው የመጀመሪያ ሸክላ ላይ ጭራሽ ድራም እንደሌለም ይነግሩሃል።

ፈረንጅ ባለሙያውን ያከብራል ልል አይደለም። ዳኒ ሴድሮን በቢል ሄይሊ «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ» ላይ ያንን የሚወነጨፍ ጊታር ተጫውቶ የተከፈለው 21 ዶላር ነው፤ በዚያው በ1954 ከደረጃ ወድቆ ሞተ። የታርፕ መቃብር ከ30 ዓመት በላይ የስም ድንጋይ አልቆመለትም። የቤሪ ፒያኖ ተጫዋች ጆኒ ጆንሰን የድርሰት ድርሻውን ጠይቆ በ2000 ቢከስ፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ገንዘቡ ቀረ፤ ስሙ ግን ተረፈ። የሙዚቀኞች ማኅበር የቀረጻ ውል ማን እንደተጫወተና ስንት እንደተከፈለው ይመዘግብ ስለነበር፣ ዛሬ ሙግቱ የሚዳኘው በወረቀት ነው።

የእኛን ካሴቶች አስታውሱ። የዘፋኙ ፎቶ ሽፋኑን ይሞላዋል፤ ከሥር በደቃቅ ፊደል «ሮሃ ባንድ» ይላል፤ በቃ። የሰላም ስዩምን ጊታርና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ሳይሰማ ያደገ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው፤ ስማቸውን የሚያውቀው ግን ከዚያም ያንሳል።

በአገር ልጆች ምግብ ቤት የሚነሣው ሙግት ጥላሁን ወይስ ማህሙድ የሚለው ነው። ጣፋጭ ሙግት ነው፤ እኔም እገባበታለሁ፤ ወገኔ ከጥላሁን ነው። በቅርቡ ግን ወሬውን ወደ ተጫዋቾቹ ልመልሰው ብዬ የዋልያስ ባንድን የ1977 አልበም «ቼ በለው»ን አነሣሁ፦ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም። ባንዱ በ1981 አሜሪካ መጥቶ አራቱ እዚሁ መቅረታቸውን፣ ኃይሉም በዚህችው ከተማ ለዓመታት ታክሲ መንዳቱን ጨመርኩ። ከመካከላችን ከኋላ ወንበሩ ተቀምጦ በስልክ ያወራ አይጠፋም!

ሁሉም በጨዋነት አዳመጡኝ። ከዚያ አንድ ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «መልካም፤ ዘፋኙስ ማን ነበር?» አሉኝ። አልበሙ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው።